ማኅተም የተመታበት ግዝት

ወንድሜ የኔነህ ከቀበሌ የተሰጠውን ወረቀት ይዞ ወረታ ቤቴ የመጣ ዕለት፣ ቅስና ከተቀበለ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ከደብረ ታቦር መታጠፊያ በባጃጅ መጥቶ፣ በር ላይ ጫማውን አራግፎ ገባና እንደ ልማዱ መስቀሉን ከኪሱ አወጣ። እኔም እንደ ልማዴ ወንበር ሳቀርብ፣ ውሃ ስቀዳ፣ መስቀሉ ተመልሶ ኪሱ እስኪገባ ድረስ እጄን ሥራ አስያዝሁት። የአባታችን መስቀል ነው። እኔ አልሳለመውም። የኔነህ ይህን ነገሬን ካስተዋለው ቆይቷል፤ ታላቁ ስለሆንሁ ግን ደፍሮ አይጠይቀኝም።

«እታለም» አለኝ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ «አንች ታስታውሽ እንደሆን ብየ ነው። አባየ ያን ጊዜ እንዴት አድርገው ነው ያነበቡት?»

ወረቀቱ ሩዝ ለመዝራት እያሉ የወል ግጦሹን ስለሚገፉ ሰዎች ነው። «የወል መሬት የገፋ፣ ሲገፋም ያየ፣ አይቶም ያልተናገረ፣ በቤተ ክርስቲያን ሥልጣን የተገዘተ ይሁን» ይላል፤ ከሥሩ ክብ ሰማያዊ ማኅተም አለበት። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት እንዲያነበው ነው የሰጡት። አንዴ ከተነበበ ቃሉን የጣሰ ሰው ካህን እስኪፈታው ድረስ የታሰረ ነው፤ መቁረብ የለ፣ መስቀል መሳለም የለ። መንግሥት የራሱ እስር ቤት እያለው ይህን የእኛን እስር ለምን እንደሚበደር እንጃ።

«ሕፃን ነበርሁ፤ ምን አስታውሳለሁ» አልሁት።

ዋሸሁት። ያን እሁድ የለበስሁትን የቀሚሴን ቀለም እንኳ አስታውሳለሁ። የኔነህ ቅዳሜ እመለሳለሁ ብሎ ወረቀቱን እኔ ዘንድ ትቶት ሄደ።

አባቴ ቄስ አንለይ ይባል ነበር። ፊት ለፊት አንቱ ነበር የምንለው፤ ሰው ፊት ስለ እሱ ሳወራ ዛሬም አንቱ እላለሁ። ብቻየን ሳስበው ግን አንተ ይሆንብኛል፤ እዚህ ደግሞ ብቻየን ነኝ።

ፎገራ ሜዳ ላይ ቄስም ያርሳል። አባቴ ቀድሶ ይመጣና በሬዎቹን ይጠምዳል፤ የእጅ መስቀሉን መታጠቂያው ሥር ሸጉጦ ነበር የሚያርሰው። የእንጨት መስቀል ነው፤ አንዱ ጫፉ ትንሽ ተሸርፏል፤ የስንት ዓመት ላብ ጠጥቶ ጠቁሯል። ማታ ሲገባ ሮጬ ደጅ እቀበለዋለሁ። ግንባሬንና አገጬን በመስቀሉ ነካ ነካ አድርጎ፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ። ዛሬስ ምን አጠፋሽ?» ይለኛል። እኔም የዕለቱን ጥፋቴን አንድ በአንድ እነግረዋለሁ፤ ጥፋት ባይኖረኝ ፈጥሬ እነግረዋለሁ፤ ምክንያቱም ያን ጥያቄ ሲጠይቀኝ ሌላ ማንንም አያይም ነበር። መስቀሉ የበሬና የእርጥብ አፈር ሽታ ነበረው። ክረምት ሲገባ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሜዳውን ሲመታው፣ ዛሬም ያ ሽታ ይመጣና የማደርገውን ያሳጣኛል።

ከአጥራችን ማዶ እትየ ወለተ ሚካኤል ይኖሩ ነበር። ባላቸው በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ነበሩ፤ ሞተዋል። ልጅ ስላልነበራቸው የእኔን ፀጉር ይሠሩ ነበር፤ ቀሚሴን ይሰፉ ነበር፤ እናቴ ስትመታኝ የምሸሸው እሳቸው ጓዳ ነው። የነፍስ አባታቸው አባቴ ነው።

ስምንት ዓመት በሆነኝ ጊዜ፣ በጥቅምት፣ እትየ ከደንገሉ ጀርባ ወሰዱኝ። ሐይቁ በሚያፈገፍግበት በኩል ደንገሉ ከሰው ቁመት በላይ የሚያድግበት ረግረግ ነበር፤ ለአገሩ ሰው ሁሉ ከብት የሚሰምጥበት፣ ማንም የማያርሰው ቦታ ነው። እትየ ደንገሉን በሁለት እጃቸው ገለል አድርገው አሳለፉኝ። ወዲያ ማዶ ሩዝ ነበር። ዛላው ጎንበስ ያለ፣ ነፋስ ሲነካው የሚንሿሿ፣ እስከ ደረቴ የሚደርስ ሩዝ። ያን ጊዜ ሩዝ ለብዙው ሰው ገና አዲስ ነገር ነው። ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ ግሪሳ ወፍ መጠበቅ ነበር፤ የተቀደደ ቆርቆሮ በዱላ ስመታው ወፎቹ ከሩዙ ግር ብለው ይነሡና ሰማዩን ያጨልሙታል። እግሬ ጭቃው ውስጥ ቀዝቅዞ፣ አናቴ በፀሐይ ተቃጥሎ እውል ነበር፤ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የዋልሁበት ዘመን ግን አላውቅም።

«ይህን ለማንም አትናገሪ፤ ለእናትሽም ቢሆን» አሉኝ እትየ።

ምስጢር ሲሰጠኝ ያ የመጀመሪያየ ነው። ሩዙ ታጭዶ ገብቶ ገለባው ብቻ ሲቀር እንኳ አልተናገርሁም።

የካቲት ላይ ትርፍ ካለው ቀንሶ ለሌለው የሚሰጥ የመሬት ሽግሽግ መጣ። የትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ ስብሰባ ተጠራና ሰው ሁሉ ወጣ። የሚናገረው ታደለ የሚባል ካድሬ ነበር፤ ከሌላ ዞን የመጣ፣ ቀድሞ አስተማሪ የነበረ፣ ቀጭን ሰው። «ሃይማኖትና መንግሥት የተለያዩ ናቸው» አለ። «መንግሥት በሃይማኖት ጣልቃ አይገባም፤ ሃይማኖትም በመንግሥት ጣልቃ አይገባም።» ሰው አጨበጨበ። እኔ ባልና ሚስት የተፋቱ መሰለኝ፤ ልጆቹን ማን ይወስድ ይሆን ብየ አሰብሁ።

ያን ዕለት ሌላም ቃል ሰማሁ። በድሮው መንግሥት ሹመት የነበራቸው ሰዎች ቢሮክራሲ ተባሉ፤ ቢሮክራሲ የሆነ ሰው ከአራት ጥማድ በላይ መሬት አይኖረውም። እትየ ወለተ ሚካኤል በባላቸው ምክንያት ቢሮክራሲ ናቸው ሲባል በሽታ መሰለኝ። ማታ እናቴን «ይተላለፋል?» ብየ ጠየቅኋት። እናቴ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ዝም በይ» አለችኝ። አሁን ሳስበው ጥያቄየ እንዲያ የሞኝ አልነበረም፤ ለባል የተሰጠው ስም ሚስቲቱን ይዟት ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ታደለ ቤታችን መጣ። ገና ከመግባቱ ጎንበስ ብሎ መስቀል ተሳለመ። እናቴ ጠላ ሰጠችው። እኔ መደብ ላይ የሦስት ዓመቱን የኔነህን ይዤ ተቀምጫለሁ።

«አባ፣ አንድ ነገር እንዲረዱን ነው የመጣሁት» አለ። «ሰዉ መሬት እየደበቀ አስቸገረን። እኛ ስንጠይቀው ይምልልናል። እርስዎን ግን ይፈራል።»

«እና?»

«እሁድ ሳምንት እንዲገዝቱልን ነው።»

አባቴ ሳቀ። «ማክሰኞ ተለያይተናል ስትል አልነበር? ገና ሳምንት ሳይሞላው ናፈቅናችሁ?»

ታደለም አብሮ ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀላ። «በአሠራር ነው የተለያየነው አባ። ሕዝቡ የሁለታችንም ነው።» ይህን ብሎ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

አባቴ ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አስጠግቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። «መሬት የደበቀ፣ ሲደበቅም ያየ፣ አይቶም ያልተናገረ።» ማኅተሙ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ አውራ ጣቱን አሳረፈበት፤ አገላብጦ አየው። ግዝት ማኅተም ሲመታበት ከዚያ በፊት አይቶ አያውቅም መሰለኝ።

«ሦስተኛውን አውጡልኝ» አለ። «የደበቀው ይበቃል።»

«ዋናው እኮ እሱ ነው። ያለ እሱ ማን ይጠቁመናል?»

«ይህን ካነበብሁ መጀመሪያ የሚይዘው እኔን ነው።»

«እርስዎማ ምን ደብቀው?» አለ ታደለ። አባቴ ወረቀቱን መልሶ አጠፈው። ታደለ ጠላውን አስቀምጦ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባ፣ ክፉ አስቤብዎ አይደለም። ስድስት ጥማድ አለዎት። ያልተባበረ ሰው ስሙ በየትኛው በኩል እንደሚጻፍ የምወስነው እኔ ብቻ አይደለሁም። ደግሞም መሬት የሌለው ጎረምሳ ስንት እንዳለ እርስዎም ያውቃሉ።»

ይህን የመጨረሻውን ከልቡ ነበር ያለው። ያን ጊዜ ሃያ አራት ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ጫማው ጭቃ ላይ ውሎ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ለራሱ አንድ ስንዝር መሬት አልወሰደም። ክፉ ሰው ቢሆንልኝ ኖሮ ይህን ታሪክ ማውራት ይቀለኝ ነበር።

ሲወጣ እናቴ ወደ አባቴ ዞረች። «ቄሴ፣ ልጆቹን ያስቡ እንጂ። ከስድስቱ ሁለቱን ቢወስዱብን ምን ልንሆን ነው? ቃል ናት፤ አንብቦ መግባት ነው።»

«አዎ፣ ቃል ናት» አለ አባቴ።

በዚያ ሳምንት አባቴ ሁለት ጊዜ እትየ ወለተ ሚካኤል ቤት ሄደ። በሁለተኛው ቀን እኔ አጥሩ ሥር ዶሮ እጠብቅ ነበርና ንግግራቸውን ሰማሁ። «ካንች አፍ ይውጣ፤ ከእኔ አፍ አይወጣም። እስከ እሁድ አለሽ» አላቸው። እትየ «ብሞትም አላወጣው አባ» አሉ። የዓሣ አጥንት ጉሮሯቸው ላይ ተሰንቅሮ የጨነቃቸው መስሎኝ አዘንሁላቸው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው አልተበተነም። እኔ እትየ የሰፉልኝን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሼ፣ ሴቶቹ መካከል፣ እሳቸው ጎን ቆሜያለሁ። ታደለ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሟል፤ ጣልቃ ላለመግባት ይሆናል። አባቴ ደረጃው ላይ ወጥቶ ወረቀቱን ዘረጋ።

ሲቀድስ የሚያወጣው ድምፅ አልነበረም። በሬ የጠፋበት ሰው ጎረቤቱን ሲጠይቅ የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ነው። «በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን፣ መሬት የደበቀ» አለ። «ሲደበቅም ያየ» አለ። ከዚያ ቆመ። ቀና ብሎ ወደ ሴቶቹ ተመለከተና ዓይኑ እኛ ላይ አረፈ። እትየ እጄን ያዙኝ። አባቴ አሁንም ዝም ብሎ ያያል። ወንዶቹ ዘንድ ሰው መጉረምረም ጀመረ። እትየ ጣቶቼን እስኪያመኝ ጨመቁኝ። አባቴ ዓይኑን ጨፈነና «አይቶም ያልተናገረ፣ የተገዘተ ይሁን» አለ።

ያየው እኔን ነው። ያን ዓመት ሙሉ፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ይህን ተጠራጥሬ አላውቅም። ከደንገሉ ጀርባ ያለውን ያየሁ እኔ ነኝ። አይቼም አልተናገርሁም። አባቴ ቄስ ነውና ሁሉን ያውቃል፤ እንድናገር ጠበቀኝ፤ ዝም ስለው አሰረኝ።

ማታ እንደ ልማዴ ሮጬ ወጣሁ። እጁ ወደ መታጠቂያው ሄደና ተመለሰ። «ዛሬ ይቅር የኔ ልጅ» አለኝ። በማግሥቱም ይቅር አለኝ። የኔነህንም አላሳለመውም፤ እሱ ግን ትንሽ ስለሆነ ነው አልሁ። አባቴ ታምሜያለሁ ብሎ ከቅዳሴ ቀረ፤ በእሱ ተራ ቄስ ኃይለ ሚካኤል ቀደሱ። በልጁ አፍሮ ነው ብየ ደመደምሁ። በትምህርት ቤት ልጆቹ ስለ ግዝት ብቻ ነበር የሚያወሩ፤ የተገዘተ ሰው ቢሞት መሬት አትቀበለውም፣ ሬሳው ሳይፈርስ ይኖራል ይሉ ነበር። ምግብ አልወርድ አለኝ። ሌሊት ባልሞትም ቀን እሞታለሁ ብየ ፈራሁ።

ሐሙስ ዕለት ገመድ የያዙ ሰዎች ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለውን ማሳ ሲለኩ ታደለን አገኘሁት። እጁን ይዤ ከሰዎቹ ገለል አደረግሁትና «ከደንገሉ ጀርባ የእትየ ወለተ ሚካኤል የሩዝ ማሳ አለ» አልሁት።

ጎንበስ አለ። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ወፍ ስጠብቅ ነበር።»

«ጎበዝ» አለኝ። ከደረት ኪሱ ሰማያዊ እስክሪብቶ አውጥቶ ሰጠኝ። የራሴ እስክሪብቶ ኖሮኝ አያውቅም ነበርና ጨብጬው ሮጥሁ። ስሮጥ ሆዴ ቀለለኝ። ተናገርሁ፤ ተፈታሁ።

አባቴ ግቢያችን ውስጥ ተቀምጦ ሞፈር ይጠርብ ነበር። «አባየ፣ ተናግሬያለሁ» አልሁት እያለከለክሁ። «አሁን ያሳልሙኝ።»

«ምን ተናገርሽ?»

ነገርሁት። መጥረቢያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁና የተቆጣ መሰለኝ።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም። እርስዎ ገዝተው የለ እንዴ። አይቶ ያልተናገረ አላሉም?»

ሳበኝና ጉልበቱ መካከል አቆመኝ። ቀኝ እጁ ወደ መስቀሉ ሄደ፤ መስቀሉን ነካው፤ ተወው። ባዶ እጁን አናቴ ላይ አሳረፈና «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አለኝ። «አንች ምንም አላጠፋሽም።» መዳፉ ይከብድ ነበር፤ የእንጨቱ ፍቅፋቂ ፀጉሬ ውስጥ ገባ። እኔ ግን የምጠብቀው መስቀሉን ነበር። ያለ መስቀል የተባለውን ከምንም አልቆጠርሁትም። አልፈታኝም ብየ ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ።

ቅዳሜ ደንገሉ ታጨደ። እትየ ወለተ ሚካኤል ነጠላቸውን አጣፍተው ዳር ላይ ቆመው አዩ። ማሳው አዛናው ለሚባል፣ መንታ ለወለደ፣ አንድ ጥማድ እንኳ ላልነበረው ልጅ ተሰጠ። የታጨደውን ደንገል ዓሣ አጥማጆች ወስደው ታንኳ ሠሩበት። በሳምንቱ አባቴ ከነዚያ ታንኳዎች በአንዱ ተሳፍሮ ሐይቁ ውስጥ ወዳለ ገዳም ሄደ። «አባቶች ዘንድ ጉዳይ አለኝ፤ ለፋሲካ እመለሳለሁ» ነበር ያለን። እናቴ የኔነህን አዝላ፣ እኔ ቀሚሷን ይዤ፣ ውሃው ዳር ድረስ ሸኘነው። ታንኳው ገና አረንጓዴ ነበር። አባቴ ከሩቅ እጁን አነሣልን፤ እስኪጠፋ አየሁት፤ በእኔ ተቀይሞ ነው የሄደ ብየ ውስጤ ተቃጠለ።

ለፋሲካ አልመጣም። ሆሳዕና ሳይደርስ ንዳድ ይዞት በዚያው አረፈ፤ በዚያው ተቀበረ። ታንኳ ቀዛፊው መስቀሉን በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣልን። ስድስት ጥማዳችንን ማንም አልነካው። እናቴ እስክትሞት ድረስ በእሱ አሳደገችን፤ መስቀሉንም የኔነህ ቄስ እስኪሆን ሳጥን ውስጥ አኖረችው። እኔ አድጌ፣ ተምሬ፣ አስተማሪ ሆንሁ። ግዝት ምን እንደሆነ፣ ሕፃን ልጅ እንደማይገዘት አሁን አውቃለሁ። ማወቄ ግን የስምንት ዓመቷን ልጅ አልፈታልኝም።

የኔነህ በሄደ በማግሥቱ፣ ዓርብ፣ ከትምህርት ቤት እንደ ወጣሁ ወረቀቱን ቦርሳየ ውስጥ ከትቼ እትየ ወለተ ሚካኤል ዘንድ ሄድሁ። ከገበያው ጀርባ ከእኅታቸው ልጅ ጋር ይኖራሉ። አንድ ከተማ ውስጥ እየኖርን፣ መንገድ ላይ ሳገኛቸው ከመሳም በቀር ቤታቸው ገብቼ አላውቅም። ደጅ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ግን ያው ነው። እግራቸው ሥር ቁጭ አልሁ።

«እትየ፣ ይቅር እንዲሉኝ ነው የመጣሁ» አልኋቸው። «ማሳውን የጠቆምሁ እኔ ነኝ።»

«እስክሪብቶ ይዘሽ ስትሮጭ አይቼሻለሁ» አሉ። «ያን ጊዜውን ነው ያወቅሁ።»

«ተቀይመውኝ ነበር?»

«ማሳየን አስበልተሽ እንዴት አልቀየም። ሁለት ክረምት ስምሽን አልጠራሁም።» ዓይናቸው ሹሩባየ ላይ አረፈ። «ከዚያ ወዲያ ግን ፀጉሯን ማን ይሠራላት ይሆን እያልሁ እናፍቅሽ ጀመር።»

ወረቀቱን አውጥቼ የኔነህ የመጣበትን ጉዳይ ነገርኋቸውና አነበብሁላቸው። ሦስተኛው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ተይው፤ አባትሽን የበላች ይች ቃል ናት» አሉ።

«ያን ዕለት እኔን ነበር ያዩኝ» አልሁ። «ጠብቀውኝ ነበር።»

«አንችን?» ዞር ብለው አፈጠጡብኝ። «አንችንስ ልብም አላሉሽ። እኔን ነው። የገና ጾም ንስሐ ስገባ ከደንገሉ ጀርባ ማረሴን ነግሬያቸው ነበር። የንስሐ ነገር ከቄስ አፍ አይወጣም። ያ ወረቀት ደግሞ አይቶ ያልተናገረውን ያስራል፤ ለእሳቸው ማወቅም ማየት ነው። ካንች አፍ ይውጣ ብለው ሁለት ጊዜ ለመኑኝ፤ እንቢ አልሁ። ያን ዕለት ቆመው ሲጠብቁ፣ እጄን ባነሣ ኖሮ ሦስተኛውን ሳያነቡ በወረዱ። አላነሣሁም። እጄ ያንችን እጅ ይዞ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በገዛ አፋቸው ራሳቸውን አሰሩ። ታስሮ ማን ይቀድሳል? ታስሮ ማን መስቀል ያሳልማል? ገዳም የሄዱት ሊፈቱ ነው።»

«ተፈተው ነበር?»

«ታንኳ ቀዛፊው እንደ ነገረን ተፈተዋል። ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ነው የታመሙ።»

የልጅነቴ ማታዎች ሁሉ አንድ በአንድ ተመለሱብኝ። ይቅር የኔ ልጅ ያለኝ እኔ ታስሬ አልነበረም። ያን ሐሙስ ደግሞ፣ እሱ ላለመናገር ሲል ራሱን ያሰረበትን ነገር የገዛ ልጁ ተናግራ፣ እስክሪብቶ ጨብጣ፣ ደስ ብሏት ስትመጣ አልተቆጣም። በዚያች ሰዓት ቅስናው በእጁ አልነበረም። የቀረው ባዶ እጁ ነበር፤ እሱን ሰጠኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ አልፈታኝም እያልሁ አማሁት። እትየ ጉልበት ላይ ተደፍቼ አለቀስሁ፤ እሳቸውም ሹሩባየን በጣታቸው እየፈቱ እንደገና ይሠሩት ጀመር።

ቅዳሜ የኔነህ መጣ። ስለ ግዝቱ ሳልቀባባ ሁሉንም ነገርሁት። ወረቀቱን እያጠፈ፣ እየዘረጋ፣ መልሶ እያጠፈ ሰማኝ።

«ታዲያ ምን ብላቸው ይሻላል?» አለኝ።

«ተለያይተናል በላቸው።»

ሳቀ። አባታችንን አያስታውሰውም፤ ሳቁ ግን የእሱ ነው፤ አፍንጫው ላይ የሚጀምር ሳቅ። «ስለ ግጦሹ እሰብካለሁ፤ የገፋውንም ቤቱ ሄጄ እመክራለሁ። አልገዝትም እላቸዋለሁ» አለ።

«ምን ይሉህ ይሆን?»

«እንጃ» አለ። ፈርቶ ነበር፤ መፍራቱንም አልደበቀኝም። ወረቀቱን መልሶ ሊሰጣቸው ኪሱ ከተተና ሊሄድ ተነሣ። እንደ ልማዱ መስቀሉን አወጣ። እኔ በዚያ ቀን ወንበር አላነሣሁም፤ ውሃም አልቀዳሁም። ፊቱ ተንበረከክሁ።

«መስቀሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውና እጅህን ስጠኝ» አልሁት።

«ያለ መስቀል?»

«አዎ፣ ያለ መስቀል።»

ግራ ገባው፤ ግን ታላቁ ነኝ። መስቀሉን አስቀምጦ ባዶ እጁን አናቴ ላይ አኖረ። የሩዝ አጨዳ ወቅት ስለሆነ መዳፉ ሻክሮ፣ ከብዶ ነበር። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አለኝ። ከዚያ፣ ማንም ያልነገረውን፣ ከማንም ያልሰማውን፣ ጎንበስ ብሎ ጠየቀኝ።

«ምን አጠፋሽ ግን?»

«አባየ ናፈቀኝ» አልሁት።

መስቀሉን ከጠረጴዛው አንሥቶ ግንባሬን ሲነካኝ አልሸሸሁም። የተሸረፈውን ጫፍ ሳምሁት።